በግብጽ በረሓ የሚገኙትን ጥንታዊ ሐውልቶች ለመጎብኘት የሚሻለው ወራትና ሰዓት

የጥንት ሰዎችን ሥራ ለማየት ወደ ግብጽ ለመሄድ የሚያስብ ተማሪ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ገንዘብና ስለ መንገድ ነው። በየትኛው ወር ልሂድ፣ በየትኛውስ ሰዓት ከሐውልቱ ፊት ልቁም ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን በበረሓ ውስጥ ያለ ሥራ በተለያየ ወርና በተለያየ ሰዓት ሲያዩት ፈጽሞ ሌላ መስሎ ይታያል። በአንዱ ሰዓት በግልጽ የሚነበበው የድንጋይ ጽሑፍ በሌላው ሰዓት እንደ ባዶ ግድግዳ ይሆናል። ደግሞም ጊዜውን ሳይመርጥ የሄደ ሰው ጤንነቱን ሊያጣ ይችላል።

ከታሪክ ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። ጆቫኒ ቤልዞኒ የተባለው ኢጣሊያዊ በአቡ ሲምበል የተከመረውን አሸዋ አስጠርጎ ወደ ታላቁ ቤተ መቅደስ የገባው በ1817 ኦገስት 1 ቀን፣ በሙቀቱ ወራት መካከል ነበር። በውስጡ የነበረው ሙቀት እጅግ የበረታ ስለ ነበረ የእጁ ላብ ወረቀቱን እያራሰው ሥዕል ለማንሣት እንደ ተቸገረ ራሱ ጽፏል። በአንጻሩ ሃዋርድ ካርተር ወደ ቱታንካሙን መቃብር የሚያወርደውን የመጀመሪያ ደረጃ ያገኘው በ1922 ኖቬምበር 4 ቀን፣ ማለት ጥቅምት 25 ቀን ነው። ይህ ቀን እንዲሁ በድንገት የመጣ አይደለም፤ በላይኛው ግብጽ ቁፋሮ የሚጀመረው ሙቀቱ ሲበርድ በመሆኑ፣ ካርተርም የዚያን ዓመት ሥራውን ከጀመረ ገና ጥቂት ቀን ብቻ ሆኖት ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉብኝት ጊዜ የሚመረጥበትን ምክንያት በቅደም ተከተል መግለጥ ነው። ዓመቶቹ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ ወሮቹ ግን የአገራችን ናቸው። ሰዓቱም ከፀሓይ መውጫ ጀምሮ የሚቆጠረው የአገራችን ሰዓት ነው።

1. «ክረምት» የሚለው ቃል የሚያመጣው ስሕተት

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በኤውሮጳ ቋንቋዎች የተጻፉ የመንገደኞች መጻሕፍት ግብጽን በብርድ ወራት መጎብኘት ይሻላል ይላሉ። በአማርኛ ሲተረጎም ግን የኤውሮጳ የብርድ ወራት ብዙ ጊዜ «ክረምት» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው ብሎ ቢነሣ የሚደርሰው በዓመቱ ውስጥ እጅግ በሚያቃጥለው ጊዜ ነው። በእኛ አገር ሐምሌ ዝናብና ብርድ ሲሆን በሉክሶርና በአስዋን ግን የሙቀቱ ጫፍ ነው። በእኛ አገር ደረቅ በጋ የሆኑት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ በግብጽ የቅዝቃዜ ወራት ናቸው።

ነገሩን የሚያከብደው የተማሪ ረጅም ዕረፍት የሚውለው በእኛ ክረምት መሆኑ ነው። ስለዚህ ተማሪው ጊዜ የሚያገኘው ጉዞው በማይመችበት ወራት ነው ማለት ነው። ለዚህ ችግር የሚሆነውን መፍትሔ በመጨረሻ እናነሣለን።

2. የአየሩ ጠባይ

ግብጽ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሄዱ ቁጥር ሙቀቷ የሚጨምር አገር ናት። በካይሮ በሐምሌ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ በሉክሶርና በአስዋን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ወደ 41 ዲግሪ ይደርሳል። በጥር ወር ግን በሉክሶር ቀትር ላይ 23 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ሌሊቱ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። ደመና ስለሌለና አየሩም ደረቅ ስለ ሆነ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቶሎ ይለቀዋል። ስለዚህ በጥር ወር ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ መንገደኛ ጋቢ ወይም ካፖርት መያዝ አለበት።

እነዚህ ቁጥሮች በጥላ ውስጥ የተለኩ መሆናቸውን ማሰብ ይገባል። መንገደኛው ግን የሚቆመው በፀሓይ ላይ፣ በጋለ ድንጋይና በአሸዋ መካከል ነው። በተለይ የነገሥታት ሸለቆ የተባለው ስፍራ በነጣ የኖራ ድንጋይ ገደል የተከበበ ስለ ሆነ ብርሃኑና ወላፈኑ ከየጎኑ እየተመለሰ ይመጣል። ደግሞም በደረቅ አየር ላብ እንደ ወጣ ወዲያው ይተንናል። ሰውየው ልብሱ ስላልራሰ ውሃ ያላጣ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሰውነቱ ብዙ ውሃ ያጣል። ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ ለዚህ ሙቀት ያልተለማመደ ስለ ሆነ ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። ጥም እስኪሰማ ሳይጠብቁ ውሃ መጠጣት የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ከሙቀቱ ሌላ አንድ የነፋስ ወራት አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ኀምሲን የሚባል ትኩስና ደረቅ ነፋስ ከበረሓ ተነሥቶ አሸዋና አቧራ ይዞ ይነፍሳል። ስሙ በዐረብኛ ሃምሳ ማለት ሲሆን፣ ነፋሱ በሚመጣበት ሃምሳ ቀን ያህል ወራት ምክንያት የተሰጠ ነው። ቃሉ ከእኛው ኀምሳ ጋር ዘመድ መሆኑን አንባቢ ያስተውላል። ነፋሱ የሚነሣው በሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ወደ ምሥራቅ የሚያልፍ ዝቅተኛ የአየር ግፊት የደቡቡን ትኩስ አየር ወደ ራሱ ሲስብ ነው። ሃምሳውን ቀን በሙሉ አይነፍስም፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነፍሶ ይተዋል። በሚነፍስበት ቀን ግን ሰማዩ ብጫ ይሆናል፣ ፒራሚዶቹም ከቅርብ እንኳ በጭጋግ እንደ ተሸፈነ ተራራ ይደበዝዛሉ።

ዝናብ በላይኛው ግብጽ የለም ለማለት ያስደፍራል። በአስዋን በዓመት የሚዘንበው በአማካይ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ሆኖም አልፎ አልፎ ድንገተኛ ዶፍ ይጥላል፤ ውሃውን የሚይዝ ዛፍና ሣር ስለሌለ ጎርፉ በሸለቆዎቹ ይወርዳል። በ1994 እንዲህ ያለ ዝናብ ጥሎ በነገሥታት ሸለቆ ወዳሉት አንዳንድ መቃብሮች ውሃ ገብቷል።

3. የፀሓይ ከፍታና የድንጋይ ጽሑፍ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሰውነት ምቾት ነው። ለጥናት የሚሄድ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ማሰብ ያለበት ስለ ብርሃን ነው።

ሉክሶር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 25.7 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ከዚህ ተነሥቶ የቀትርን ፀሓይ ከፍታ ማስላት ይቻላል። በሰኔ አጋማሽ ፀሓይ ቀትር ላይ ከአድማስ 87.7 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ ማለት ከሞላ ጎደል ከአናት ላይ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ከ41 ዲግሪ አታልፍም። 10 ሜትር ቁመት ያለው ዓምድ በሰኔ ቀትር የሚጥለው ጥላ 40 ሳንቲሜትር ብቻ ሲሆን በታኅሣሥ ቀትር 11 ሜትር ተኩል ይሆናል። ስለዚህ በሰኔ ቀትር የሚሄድ ሰው የሚጠለልበት ጥላ አያገኝም፤ በታኅሣሥ ግን አንዱ ዓምድ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ጥላ ለማረፊያ ብቻ ሳይሆን ለማንበብም ያስፈልጋል። የግብጽ ቅርጻ ቅርጽ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከግድግዳው ፊት ወደ ውጭ ጎላ ብሎ የሚወጣ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በቤተ መቅደሱ ውስጥ፣ ብርሃን በሚያንስበት ስፍራ ይገኛል። ሁለተኛው ወደ ድንጋዩ ውስጥ የተቆፈረ ነው፤ ይህም በተለይ በውጭ ግድግዳዎች ላይ ይታያል። ምክንያቱ የፀሓይ ብርሃን ነው። በኀይለኛ ብርሃን ፊት ጎላ ያለው ቅርጽ ይፈዝዛል፤ የተቆፈረው ግን ጠርዙ ጥላ ስለሚጥል በጥቁር ቀለም እንደ ተጻፈ ይጎላል። ይህ እንዲሆን ግን ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት። ብርሃኑ ግድግዳውን ፊት ለፊት ሲመታው ጥላው ይጠፋል፣ ጽሑፉም ይሰወራል። እንግዲህ የማንኛውም ግድግዳ መልካም ሰዓት ፀሓይ ወደ እርሱ ስትደርስ ወይም ከእርሱ ስትለይ ያለው አጭር ጊዜ ነው። በብርድ ወራት ፀሓይ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ስለምትዞር ይህ ጊዜ ይረዝማል። በሙቀት ወራት ግን በጧትና በማታ ብቻ ይወሰናል።

በሌላ ወገን የብርድ ወራት ቀን አጭር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በሉክሶር በታኅሣሥ ፀሓይ የምትታየው 10 ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን በሰኔ ከ13 ሰዓት ተኩል በላይ ነው።

4. እያንዳንዱ ሥራ የሚታይበት ሰዓት

የጥንት ግብጻውያን ሥራቸውን ሲያቆሙ የፀሓይን መውጫና መግቢያ ይመለከቱ ስለ ነበር፣ የሕንጻው ፊት ወዴት እንደ ሆነ ያወቀ ሰው የሚታይበትን ሰዓት ያውቃል።

የጊዛው ስፊንክስ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ የፊቱ መልክ የሚጠናው በጧት ነው፤ ከቀትር በኋላ ፊቱ በጥላ ይሆናል። በሉክሶር ምዕራብ ዳርቻ የሚገኘው የንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስም ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሲሆን ከጀርባው ታላቅ ገደል አለበት። ፀሓይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የገደሉ ጥላ ይወድቅበታል። በምሥራቁ ዳርቻ ያሉትን የካርናክንና የሉክሶርን ቤተ መቅደሶች ግን ማታም ማየት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ በጧት ወደ ምዕራብ ዳርቻ ተሻግሮ በማታ ወደ ምሥራቁ መመለስ የተለመደ ሥርዓት ሆኗል፤ ይህም ልማድ ምክንያት እንዳለው ከላይ ከተናገርነው ይታያል።

ሰዓት መርጦ መጎብኘት አዲስ ነገር አይደለም። በምዕራቡ ዳርቻ የሜምኖን ሐውልቶች የሚባሉ የንጉሥ ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ሁለት ታላላቅ ምስሎች አሉ። ከሁለቱ አንዱ ከተሰነጠቀ በኋላ ፀሓይ ስትወጣ ድምፅ ያሰማ ነበር። የግሪክና የሮማ መንገደኞች ይህን ለመስማት ጎሕ ሲቀድ እየመጡ፣ የሰሙትንና የሰሙበትን ሰዓት በምስሉ እግር ላይ ጽፈዋል። የሮማው ቄሳር ሃድሪያን በ130 እንደ መጣ በዚያው ላይ ከተጻፈው ይታወቃል። የድምፁ ምክንያት የሌሊቱ እርጥበት በስንጥቁ ውስጥ በጧት ሙቀት ሲተንን ነው ተብሎ ይገመታል። ድንጋዩ ከተጠገነ በኋላ ድምፁ ቀርቷል።

ቀን ጭምር የሚጠይቅ አንድ ስፍራ ግን አለ፤ እርሱም አቡ ሲምበል ነው። ዳግማዊ ራምሴስ ከድንጋይ የፈለፈለው ይህ ቤተ መቅደስ ከ60 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በመጨረሻው ክፍል የፕታህ፣ የአሞን፣ የራሱ የራምሴስና የራ ሆራክቲ አራት ምስሎች ተቀምጠዋል። በየካቲት 15 ቀንና በጥቅምት 12 ቀን ግድም (ፌብሩዋሪ 22 እና ኦክቶበር 22) የምትወጣው ፀሓይ በበሩ ገብታ እስከ ውስጠኛው ክፍል ትደርሳለች፤ ለ20 ደቂቃ ያህልም ሦስቱን ምስሎች ታበራለች። ፕታህ ግን በጥላ ውስጥ ይቀራል። ቀኑ ሁለት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፀሓይ የምትወጣበት ነጥብ በጥቅምት ወደ ደቡብ ስትሄድ በዚያ ያልፋል፤ በታኅሣሥ ተመልሳ ወደ ሰሜን ስትመጣ ደግሞ በየካቲት እንደ ገና በዚያው ያልፋል። ሁለቱም ቀኖች ከታኅሣሥ 12 ወደ 60 ቀን ያህል ይርቃሉ። ቀኖቹ የንጉሡ የልደትና የንግሥ በዓሎች ናቸው ሲባል ይሰማል፤ ይህን የሚያረጋግጥ ጥንታዊ ጽሑፍ ግን አልተገኘም።

በእነዚህ ሁለት ቀኖች ሕዝቡ እጅግ ስለሚበዛ ውስጡን በጸጥታ ማጥናት አይቻልም። ጥቂት ቀን ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ በጧት የሚደርስ ሰው ብርሃኑ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ያያል፤ በቂ ስፍራም ያገኛል። ከአስዋን እስከዚያ ያለው መንገድ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ጧት ለመድረስ ሌሊት መነሣት ወይም በመንደሩ ማደር ግድ ነው።

5. የዐባይ ሙላትና የፊሌ ቤተ መቅደስ

በቀድሞ ዘመን የጉብኝቱን ወራት የሚወስን ሌላ ኀይል ነበረ፤ እርሱም ከአገራችን የሚወርደው ውሃ ነው። የኢትዮጵያ ክረምት ዝናብ በዐባይና በተከዜ ወርዶ በግብጽ የዐባይን ሙላት ያመጣ ነበር። ውሃው በአስዋን በሰኔ መጨረሻ መነሣት ጀምሮ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የምዕራብ ሉክሶር ሜዳ ይጥለቀለቅ ነበር፤ የሜምኖን ሐውልቶችም በውሃ መካከል ቆመው ይታዩ ነበር። የጥንት ግብጻውያን ዓመታቸውን የሙላት፣ የቡቃያና የመከር ብለው አራት አራት ወር ባላቸው ሦስት ክፍሎች የከፈሉት ስለዚህ ነው። በ12 ወር ላይ አምስት ቀን መጨመራቸውም በእኛ ጳጉሜን ዘንድ እስከ ዛሬ አለ።

ጥናት ለሚያደርግ ሰው እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የጥንቱ ዓመት 365 ቀን ብቻ ስለ ነበረ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ከፀሓይ ዑደት ይቀድም ነበር። ስለዚህ በድንጋይ ላይ «የሙላት አንደኛ ወር» የሚል ቀን ያነበበ ሰው በእርግጥ ውሃው ሞልቶ ነበር ብሎ መደምደም አይገባውም። ይህ የተስተካከለው በሮማ ቄሳር በአውግስጦስ ዘመን በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን በመጨመሩ ነው፤ የእኛም አቆጣጠር ይህንኑ ተከትሏል።

የሰው ሥራም የጉብኝትን ወራት ሊገለብጥ እንደሚችል የፊሌ ደሴት ያስረዳል። በ1902 የአስዋን የመጀመሪያው ግድብ ሲፈጸም፣ ኋላም ሁለት ጊዜ ከፍ ሲደረግ፣ የኢሲስ ቤተ መቅደስ በየዓመቱ ለብዙ ወራት በውሃ ውስጥ ይሰጥም ጀመር። ግድቡ የሚዘጋው በብርድ ወራት ነበር። በሙላት ጊዜ ግን ደለል የተሸከመው ውሃ እንዲያልፍ በሮቹ ይከፈቱ ስለ ነበር ደሴቱ በሙቀቱ ወራት ይገለጥ ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ለሰውነት የሚመቸው ወራት ቤተ መቅደሱ የማይታይበት ሆነ። በግድግዳው ላይ የነበረውም ጥንታዊ ቀለም በውሃው ታጠበ። ይህ ስፍራ በ394 የተጻፈው የመጨረሻው የታወቀ የሂሮግሊፍ ጽሑፍ የሚገኝበት ነው።

በ1960 የተጀመረው ታላቁ የአስዋን ግድብ በ1970 ሲፈጸም የየዓመቱ ሙላት በግብጽ ቀረ። ዩኔስኮ በ1960 ባወጀው ዘመቻ አቡ ሲምበል ከ1964 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ተቆራርጦ 65 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ስፍራ ተዛወረ። መሐንዲሶቹ አቅጣጫውን ስለ ጠበቁ የፀሓይዋ መግባት አልተቋረጠም። የፊሌም ቤተ መቅደስ ወደ አጊልኪያ ደሴት ተወስዶ በ1980 ተመረቀ። አሁን በማናቸውም ወር በጀልባ ይታያል።

6. ለሐውልቱስ የሚሻለው መቼ ነው?

ለጎብኚው የሚመቸው ጊዜ ለሐውልቱ የሚመች ነው ማለት አይደለም። የመቃብር ክፍሎች ለሺሕ ዓመታት የቆዩት ደረቅና ዝግ ስለ ነበሩ ነው። በብርድ ወራት መንገደኛው ሲበዛ በአንድ ጠባብ ክፍል ብዙ ሰው ይገባል፤ ከትንፋሹና ከላቡም እርጥበት ይወጣል። እርጥበቱ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል፤ ጨውም ሲደርቅ እንደ ገና ይጠጥርና ልስኑን ከነሥዕሉ እየገፋ ይጥለዋል። ኤርነስቶ ስኪያፓሬሊ በ1904 ያገኘው የንግሥት ነፈርታሪ መቃብር ከሁሉ ይልቅ በጨው ተጎድቶ ነበር። ከ1986 እስከ 1992 ከታደሰ በኋላ በ1995 ሲከፈት በቀን 150 ሰው ብቻ እንዲገባ ተወሰነ። ለቱታንካሙን መቃብር ደግሞ ልክ እርሱን የመሰለ ሌላ ክፍል ተሠርቶ በ2014 ተከፍቷል።

ከዚህ የምንረዳው ሕዝብ በሚበዛበት በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ ወደ መቃብሮች መግባት ለጎብኚውም ለሥዕሉም የማይጠቅም መሆኑን ነው። ግድግዳውን አለመንካት፣ በውስጥ ብዙ አለመዘግየት፣ ሰው ሲበዛ ወጥቶ መጠበቅ የእያንዳንዱ ተማሪ ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሦስቱ ፍላጎቶች፣ ማለት የሰውነት፣ የዓይንና የሐውልቱ፣ ከሞላ ጎደል የሚስማሙበት ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ሁለተኛው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። በእነዚህ ወራት ሙቀቱ ለዘብ ይላል፣ ፀሓይዋ ዝቅ ትላለች፣ ኀምሲንም ገና አልተነሣም። በሁለቱ መንፈቀ ዓመቶች መካከል የሚሰጠው የተማሪ ዕረፍት ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ጋር ስለሚቀራረብ፣ አጭር ቢሆንም ከረጅሙ የክረምት ዕረፍት ይልቅ ይመረጣል።

በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከመሄድ በቀር ሌላ ጊዜ የሌለው ተማሪ ግን ተስፋ አይቁረጥ። ከጎሕ ጀምሮ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት በሜዳ ይሥራ፤ ከ4 እስከ 10 ሰዓት በቤተ መዘክር ወይም በማረፊያው ያሳልፍ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ምሽት ይመለስ። በዚያ ወራት ሰው ስለሚያንስ ግድግዳውን ብቻውን ለማየት ዕድል ያገኛል። የረመዳን ጾም በሚውልበት ወር የመጎብኛው ሰዓት ሊያጥር ስለሚችል፣ ጾሙም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም፣ ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የግብጽ ሰዓት እንደ ኤውሮጳ የሚቆጠር መሆኑንም ያስታውስ፤ እዚያ 5 ሰዓት ጧት ሲሉት የእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ይህን የዘነጋ ሰው አውቶቡሱ ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሊደርስ ይችላል።

በመጨረሻ፣ ጊዜ መምረጥ ራሱ የጥናቱ መጀመሪያ መሆኑን ማሳሰብ እንወዳለን። የሕንጻውን አቅጣጫ፣ የፀሓይን ከፍታና የወንዙን ታሪክ አስቀድሞ ያወቀ ተማሪ ገና ከቤቱ ሳይነሣ ስለ ሐውልቱ ብዙ ተምሯል።